«አዳፕተር ገዝቼ ነበር እኮ!»

የተበላሸ ዕቃ ስጠግን ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው የከሰለ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ የመጀመሪያ ቃሉ ርዕስ ያደረግሁት ነው። ዘንድሮም ስለ ጉዞና ስለ ኤሌክትሪክ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአሜሪካ ስመለስ የጸጉር ማድረቂያ ገዝቼ መጣሁ። የመሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርሶች 230 ቮልት ካለው የቤቴ ሶኬት ጋር ስለማይገጥሙ አዳፕተር ገዛሁለት። ገና ስሰካው እንደ አውሮፕላን ጮኸ፤ አፉ ውስጥ ያለው ሽቦ ፍም መሰለ፤ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ጭሱን ለቅቆ ዝም አለ። የተበላሸ አዳፕተር ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን አትውቀሺው፤ አዳፕተሩ ጤነኛ ነው። ከፍተሽ ብታዪው በሆዱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የነሐስ ቁርጥራጮች እንጂ ሌላ ነገር አታገኚም። የአንዱን አገር ጥርስ ለሌላው አገር ቀዳዳ ያስማማል፤ ቮልቱን ግን እንደተቀበለው ያሳልፋል። ማድረቂያሽ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ከግድግዳ ለሚወጣው 120 ቮልት ነው። አንቺ 230 ሰጠሽው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ሒሳብ ነው። ቮልቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱም እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ማሞቂያ ሽቦ ላይ ግን ቮልቱ ሲጨምር በሽቦው የሚያልፈው አምፔርም አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ እጥፍ ቮልት አራት እጥፍ ዋት ያመጣል። ማድረቂያሽ ላይ 1,200 ዋት ተጽፎ ከነበረ በ230 ቮልት ወደ 4,400 ዋት ሊስብ ሞክሯል። ያን ሁሉ ሙቀት በአንድ እጅሽ ይዘሽ ነበር። የጮኸችው ደግሞ የማራገቢያዋ ትንሽ ሞተር ናት፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈጥና አታውቅም።

ውስጡ አንዲት የሙቀት ፊውዝ አለች። እርሷ ቀድማ ተቆርጣ ሽቦውን አድናው ከሆነ ጠጋኝ ሊያነሣው ይችላል። ሽቦው ራሱ ተበጥሶ ከሆነ ግን ልፋቱ ከአዲስ ዋጋ ይበልጣል፤ ተዪው። ለሌላ ጊዜ ለጉዞ ተብለው የተሠሩትን ፈልጊ። እጀታቸው ላይ በሳንቲም ጫፍ የሚዞር ትንሽ ቁልፍ አለ፤ በአንድ በኩል 125፣ በሌላው በኩል 250 ተጽፎበታል። ቁልፉን ሳያዞሩ የሚሰኩ ሰዎች አሁንም ደንበኞቼ ናቸው።

ተቃራኒውን እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ጃፓን የቤት ኤሌክትሪኳ 100 ቮልት ብቻ ነው። ቶኪዮ ሳለሁ ለ230 ቮልት የተሠራ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ይዤ ነበርና በአዳፕተር ሰካሁት። እንደማይቃጠል አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለማየት ነው። ሒሳቡ ከ380 ዋት እንደማይበልጥ ይነግረኛል። ሰዓት ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ቤቴ ውስጥ በሦስት ደቂቃ ገደማ የሚፈላው አንድ ሊትር ውሃ አምስት ደቂቃ ዝም፣ አሥር ደቂቃ ዝም፤ በአሥራ ሁለተኛው ላይ ማፍያው እንደ ጉንፋናም ሰው ማንኮራፋት ጀመረ። ሲፈላ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሞልቶት ነበር። ከእኔ ጋር የነበረው ወዳጄ ማፍያው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥልብኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ አሜሪካና ወደ ጃፓን ልሄድ ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የካሜራ ባትሪ ቻርጀርና የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ እይዛለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቮልት የሚለውጥ ትራንስፎርመር ካልያዝህ ሁሉም ይበላሻሉ ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ ከሃያ ዓመት በፊት ቢነግርህ ኖሮ በከፊል ልክ ነበር። ቻርጀሮችህን ገልብጥና ሆዳቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ፊደሉ የጉንዳን እግር ስለሚያህል በስልክህ ካሜራ ፎቶ አንሥተህ አሳድገው፤ እኔም መነጽሬን ከጣልሁ ወዲህ የማደርገው ይህንኑ ነው። «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ካገኘህ (ሄርዝ ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይናገራል) ያ ቻርጀር የትም አገር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ቅርጽ የሚያስማማ አዳፕተር ብቻ ነው። «220-240» ብቻ ካለ አሜሪካና ጃፓን አይሆነውም። ብዙ ሰው «አውትፑት» የሚለውን መስመር ያነብና «ላፕቶፔ 19 ቮልት ነው፤ 120 ቢገባበት ምን ይሆናል?» ብሎ ይጽፍልኛል። ያ ከቻርጀሩ ወደ ላፕቶፑ የሚወጣው ነው፤ ግድግዳውን አይመለከትም።

የዘመኑ ቻርጀር ከግድግዳ የመጣውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ ከዚያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ያሳልፈዋል። ቮልቱ ዝቅ ሲል ረዘም አድርጎ፣ ከፍ ሲል አሳጥሮ ይቆርጣል። ለዚህ ነው 100 ይሁን 240 ግድ የማይሰጠው፤ ለዚህም ነው እንደ ድሮው ጡብ የማይከብደው።

ከዝርዝርህ የምጠረጥረው የጥርስ ብሩሹን ነው። ሰው እንደ ስልክ ቻርጀር ያየዋል፤ ነገር ግን መቆሚያቸው በአንድ ቮልት ብቻ የሚሠራ ብሩሾች ዛሬም አሉ። ጽሑፉ መቆሚያው ሥር ነው፤ ደርቆ የተጋገረውን የጥርስ ሳሙና ፍቀህ አንብበው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለትምህርት ውጭ አገር ነኝ። ላፕቶፔ አካሉ ብረት ነው። ቻርጅ ሲደረግ በመዳፌ ስዳስሰው ይነዝረኛል፤ ቻርጀሩን ስነቅለው ይጠፋል። ቤት ሳለሁ እንዲህ አያደርግም ነበር። ሊገድለኝ ነው?

መልስ፦ አይገድልሽም፣ ልጄ፤ ግን ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የላፕቶፕሽ ቻርጀር ሦስት ጥርስ ያለው መሰኪያ አለው ብዬ እወራረዳለሁ፤ የገዛሽው አዳፕተር ደግሞ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥርስ የመሬት መስመር ነው። ቻርጀሩ ውስጥ የሬዲዮ ጩኸት የሚያጠፉ ጥቃቅን ካፓሲተሮች አሉ። በእነርሱ በኩል ከግድግዳው እጅግ ትንሽ ኮረንቲ ሾልኮ ወደ ላፕቶፑ አካል ይመጣል። የመሬት መስመር ካለ በዚያ ይወርዳል፤ ማንም አያውቀውም። መስመሩን አዳፕተሩ ከቆረጠው ግን መውረጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቆያል፤ መዳፍሽን ስታሳርፊ በአንቺ በኩል ይወርዳል። መጠኑ ከአንድ ሺኛ አምፔር በታች ስለሆነ የሚሰማሽ መንዘር ብቻ ነው። ብታስተውዪ አጥብቀሽ ስትይዢው ይጠፋል፣ በጣት ጀርባ ቀስ ብለሽ ስታሻሺው ይብሳል። 230 ቮልት ባለበት አገር በደንብ ይታወቃል፤ 120 ባለበት እምብዛም።

መፍትሔው ሦስተኛውን ጥርስ የማይቆርጥ አዳፕተር መግዛት ነው። የጀርመኑ ዓይነት ክብ ሶኬት የመሬት መስመሩን የሚያገናኘው በላይና በታች ባሉ ሁለት ብረቶች ስለሆነ፣ አዳፕተሩ ጎንና ጎኑ ላይ እነዚያን የሚነካ ብረት እንዳለው እይ። ከመንዘር አልፎ ጡንቻሽን የሚይዝ ከሆነ ግን የምነግርሽ ሌላ ነው፤ ንቀዪውና ዳግመኛ አትሰኪው።

ጥያቄ፦ በአንድ ጉዞ እንግሊዝ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን፣ ደቡብ አፍሪካና ብራዚል እንሄዳለን። «ሁሉን አቀፍ» የሚባለው አንድ አዳፕተር ይበቃናል?

መልስ፦ ለእንግሊዝ ይበቃል። ለደቡብ አፍሪካ ምናልባት አይበቃም፤ የድሮዎቹ ሶኬቶች ሦስት ወፋፍራም ክብ ጥርስ የሚጠይቁ ናቸው፤ አብዛኞቹ «ሁሉን አቀፍ» የሚባሉትም ያን ቅርጽ አልያዙም። ስዊዘርላንድና ጣሊያን ሁለት ቀጫጭን ክብ ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ የስልክ መሰኪያ ያለ አዳፕተር ይገባል። ወፍራም ክብ ራስ ያለው የጀርመን መሰኪያ ግን ስዊዘርላንድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሶኬቱ ጎድጓዳና ጠባብ ባለ ስድስት ጎን ነው። ጣሊያን ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሶኬት ብታዩ አትደነቁ።

የእንግሊዙ መሰኪያ ሰው በግዙፍነቱ ይስቅበታል፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ አከብረዋለሁ። በሆዱ የራሱን ፊውዝ ይዟል፤ ለትንሽ ዕቃ 3፣ ለትልቅ 13 አምፔር። ከላይ ያለው ረጅም ጥርስ መጀመሪያ ይገባና የታችኞቹን ቀዳዳዎች መዝጊያ ይከፍታል። ይህን ያወቁ ብልጦች በላይኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ እየከተቱ ባለ ሁለት ጥርስ መሰኪያ በግድ ያስገባሉ። እባካችሁ አታድርጉት፤ መዝጊያው የተሠራው የልጅ ጣት እንዳይገባ ነው።

ብራዚልን በመጨረሻ ያስቀመጥኋት ሆን ብዬ ነው። ሪዮ ዴ ጄኔሮ 127 ቮልት ነው፣ ብራዚሊያ 220። ሶኬቱ ግን አንድ ዓይነት ነው! ሪዮ ላይ ያለ ችግር የተጠቀማችሁበት ካውያ ብራዚሊያ ላይ ያለ አዳፕተር ልክክ ብሎ ይገባና ይነድዳል። እዚያ ከመሰካታችሁ በፊት የሆቴሉን ሠራተኛ ቮልቱን ጠይቁ።

አዳፕተሩ ላይ ያለውን የአምፔር ቁጥርም እዩ። 6 አምፔር ካለ በ230 ቮልት የሚችለው 1,380 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት ግን 720 ብቻ። ካውያ የሚሸከም አይደለም። ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ አምስት አዳፕተር አትግዙ፤ የራሳችሁን ዲቫይደር ያዙና ለእርሱ አንድ ጥሩ አዳፕተር ግዙለት። ስልክና ላፕቶፕ ብቻ ይሰካበት እንጂ ማሞቂያ አይሰካበት።

ጥያቄ፦ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ አለኝ። በአውሮፕላን ስሄድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ በፍጹም። ፓወር ባንክ የሚጓዘው ከተሳፋሪው ጋር፣ በእጅ ሻንጣ ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ያንተን ለማወቅ 20 አምፔር ሰዓቱን በባትሪው 3.7 ቮልት አባዛው፤ 74 ይወጣል። ታልፋለህ።

ጥያቄ፦ ካናዳ ያለች እህቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ልትሰጠኝ ነው። 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል። እኔ የምኖረው 230 ቮልትና 50 ሄርዝ ባለበት አገር ነው። ትራንስፎርመር ገዝቼ ልጠቀምበት እችላለሁ? ሄርዙስ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሄርዙም በዚህ ዕቃ ላይ አያስቸግርዎትም። የቤት ውስጥ ስፌት መኪና ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የካርቦን ብሩሽ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ለቮልት እንጂ ለሄርዝ ደንታ የለውም። መኪናው ላይ 100 ዋት ከተጻፈ 200 ወይም 300 የሚችል፣ 230ን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ። ልክ በልኩ አይግዙ፤ ሞተር ሲነሣ ከተጻፈው በላይ ይስባል።

ሲገዙ በእጅዎ ያንሡት። እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረትና መዳብ ስለሆነ ክብደቱ ይናገራል። ኪስ ውስጥ የሚገባና «1,600 ዋት» የሚል ከቀረበልዎ እርሱ ቮልቱን አያወርድም፤ የኮረንቲውን ማዕበል እየቆረጠ ነው የሚያስተላልፈው። ያ ለካውያና ለጸጉር ማድረቂያ ብቻ ነው፤ ለሞተርና ለኤሌክትሮኒክስ መርዝ ነው።

ሄርዝን ግን ትራንስፎርመር አይለውጥም። እህትዎ በኤሌክትሪኩ ሄርዝ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ጨምራ ብትሰጥዎ 60 የለመደው በ50 ላይ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ማይክሮዌቭም ከሰጠችዎ እዚያው ይተዉት፤ የውስጡ ትራንስፎርመር ለ60 ተለክቶ የተሠራ ከሆነ በ50 ላይ ከመጠን በላይ ይግላል። ጃፓን በአንድ አገር ውስጥ ሁለቱን ይዛለች፤ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቶኪዮ ጄነሬተር ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያስታርቃቸው አልቻለም።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ካናዳ ልሄድ ነው። ለአስሟ መድኃኒቱን በጭስ መልክ የሚሰጣት ኔቡላይዘር አላት። ላዩ ላይ «230 ቮልት፣ 50 ሄርዝ» ብቻ ይላል። እርስዎ ዝቅተኛ ቮልት ዕቃ አያቃጥልም ሲሉ ሰምቻለሁና በአዳፕተር ብቻ ልሞክረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ዝቅተኛ ቮልት አያቃጥልም ያልሁት ለማሞቂያ ነው፤ የውሃ ማፍያ ይዘገያል እንጂ አይጎዳም። ሞተር ሌላ ነው። አቅም ያነሰው ሞተር መዞር አቅቶት ባለበት እየጎረበጠ «እምም» ይላል፤ ቆሞ ሳለ የሚገባበት ኮረንቲ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በዚያ ላይ የእናትዎ ትንፋሽ በእርሱ ላይ ነው፤ መሞከሪያ አናደርገውም።

ወደ 230 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙ ግን 60 እንደሆነ ይቀራል፤ ኮምፕረሰሩም ላልተሠራበት ፍጥነት ይገደዳል። አምራቹ ይሆናል ካላለ በቀር እኔ አልመክርም። በ100-240 ቮልት ቻርጀር የሚሠሩ፣ ባትሪም ያላቸው ትናንሽ ኔቡላይዘሮች አሉ። ሐኪሟን ያማክሩና አንዱን ይግዙ፤ ከመነሣትዎ በፊት አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ትጠቀምበትና ትልመደው። አውሮፕላን ላይ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን። ሻንጣ ይጠፋል፣ ይዘገያል፤ አስም ግን ሻንጣ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ባረፍሁበት ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ «ለመላጫ ብቻ» የሚል ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት አየሁ። 115 እና 230 ይላል። የጸጉር ማድረቂያዬን ብሰካበትስ?

መልስ፦ ጽሑፉ ቀልድ አይደለም። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር አለች። ኮረንቲውን ከመሬት ትነጥለዋለች፤ እጅህ እርጥብ ቢሆንና አንዱን መስመር ብትነካ በአንተ በኩል ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ እንዳያገኝ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተፈቀደላትም ለዚህ ነው። ጉልበቷ ግን ሃያ ዋት ገደማ ነው፤ መላጫ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከመሸከም አትዘልም። ማድረቂያ ብትሰካባት ወዲያው ትግልና መከላከያዋ ይቆርጣታል፤ እስክትቀዘቅዝም መላጫህን እንኳን አታንቀሳቅስም። እኔ የላፕቶፕ ቻርጀር ሰክቼባት ግማሽ ጺሜን ተላጭቼ ቁርስ የወረድሁበት ቀን አለ።